ጫማ ውስጥ የጠፋው የብርጭቆ ፋብሪካው ክለብ

ስቶክሆልም ውስጥ አምስት ሐበሻ ከተሰበሰበ አራቱ የቀድሞ ሥራ አስኪያጆች ናቸው። አምስተኛው ለጥቂት ሚኒስትር ሳይሆን የቀረ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲነሳ እኔ ዝም እላለሁ። ትሕትና ይዞኝ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራሁት የሰው ጫማ ማድረቅ ስለሆነ ነው። አሁን ግን ተራው የእኔ ነው። ስፖንጋ ሰፈር ያለው ትንሹ የእግር ኳስ ክለባችን በዚህ ክረምት ማብቂያ ላይ ሙቅ አየር የሚነፋ የብረት ቁም ሳጥን ገዛ። የቡድኑን ጫማ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያደርቃል፤ አይታመምም፣ አያጉረመርምም። እኔም በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ እየገፋሁ ከፎቅ ፎቅ የማመላልስ ቫክትሜስታሬ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለማሽን ቦታ መልቀቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

አዲስ አበባ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የአራሚ ሥራ የሌላውን ሰው ስሕተት ማደን ነው፤ ስለዚህ "ሰው ሁሉ ተሳስቷል" የሚል ጠባይ ይዤ ከአገር ወጣሁ፤ ጉምሩክም አልቀረጠኝም። ከጠባዩ ሌላ የቀረኝ እውቀት ወረቀት ነው። የትኛው ወረቀት ቀለም እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደሚተፋ በጣቴ ዳብሼ አውቃለሁ። ስዊድን ውስጥ ይህን እውቀት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የገባሁት መሃል ከተማ ያለ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። አለቃዬ ፊንላንዳዊት ነበረች፤ በቀን ሁለት ቃል ትናገራለች፣ ሁለቱም "አንሶላ" ናቸው። ሆቴሉ ሲዘጋ የሥራ አገናኙ ቢሮ ፎርም አስሞላኝና ግማሽ ደመወዜን መንግሥት እየከፈለ የስፖንጋው ክለብ የትጥቅ ረዳት አደረገኝ። ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል።

የትጥቅ ኃላፊው ቲቱ የሚባሉ ሩማኒያዊ ነበሩ። ያን ጊዜ ስልሳን አልፈዋል። አጭር ናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው፣ ከካፖርታቸው ኪስ የጫማ ብሩሽ ጠፍቶ አያውቅም። የአገራቸው ሰዎች "ኔአ ቲቱ" ይሏቸዋል፤ ኔአ በእነሱ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው። ስዊድኖች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በስሙ ብቻ ስለሚጠሩ፣ ሊቀ መንበራችን ሌናርት "ቲቱ!" እያለ ሲጣራ የምሸማቀቀው እኔ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሽ ቲቱ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በዚህ አገር የሚያውቃቸው ሰው በመገኘቱ እንደተደሰቱ ነገሩኝ፤ ከዚያም ወዲያው የቆሸሸ ካልሲ የሞላበት ቅርጫት አሸከሙኝ።

እዚህ አገር የትንንሽ ክለብ ተጫዋች ታኬታውን በላስቲክ ከረጢት ከትቶ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ጋሽ ቲቱ ይህን እንደ ነውር ያዩታል። እሳቸው ባደጉበት ክለብ ጫማ የተጫዋቹ አይደለም፤ የሜዳው ነው፤ ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ጨዋታ ሲያልቅ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመው የሁሉንም ጫማ ይሰበስባሉ። ሌናርት መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ለመደው። አንዳንድ ተጫዋቾች ግን አልወደዱትም። በተለይ መሐል ተከላካያችን ዮሐን ጫማውን በሰጠ ቁጥር ልጁን ለማደጎ የሚሰጥ ይመስል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭቃው በቢላዋ አይፋቅም፤ በእንጨት ነው የሚነሳው። ጫማው በቀዝቃዛ ውኃ በጨርቅ ይታበሳል እንጂ አይነከርም። ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ በእሳት የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጋዜጣ ነው። መጀመሪያ ጣቶቹ የሚገቡበትን ጫፍ በደንብ መሙላት፣ ቀጥሎ ተረከዙን፤ ጠቅጥቆ ሳይሆን አላልቶ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማውጣትና መቀየር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ መቀየር። ጋሽ ቲቱ ያወጡትን ወረቀት ወዲያው አይጥሉትም፤ ዘርግተው ርጥበቱ እስከየት እንደደረሰ ያያሉ። የስዊድን ጋዜጣ አይወዱም ነበር፤ ለዓይን እንጂ ለውኃ አልተሠራም ይላሉ። እኔም በሙያዬ አረጋገጥኩላቸው፤ ያብለጨልጫል፣ አይጠጣም። ከዚያ በኋላ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ የፖላንዱን፣ የሰርቡን፣ የዓረቡን ጋዜጣ ከየወረቀት መጣያው መልቀም ሥራዬ ሆነ። ከወሎ የመጣው ጓደኛዬ ሰይድ፣ የስፖንጋ አውቶቡስ ሹፌር፣ አንድ ቀን በአስፋልቱ ላይ ጋዜጣ ተሸክሜ ሲያየኝ አውቶቡሱን አቁሞ በመስኮት "አገርህ ጋዜጣ ስታርም ኖርክ፣ እዚህ ደግሞ ለእግር አስነበብከው" አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ምን እንዳለ ስላልገባቸው በጨዋ ደንብ ፈገግ አሉ።

ጋዜጣ እየጠቀለልን ሳለ ጋሽ ቲቱ የክለባቸውን ታሪክ ያወሩኛል፤ የምንግባባው በተሰባበረ ስዊድንኛ ነው። ከተማቸው ወንዝ ዳር ያለች፣ ካርታ ላይ ፈልጌ ያጣኋት፣ አንድ የብርጭቆ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ክለቡን ያቋቋሙት ብርጭቆ ነፊዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ እቶን ፊት ቆሞ በረጅም ቱቦ የቀለጠ ብርጭቆ ሲነፋ የሚውል ሰው ሳንባው የፈረስ ነው፤ ተጋጣሚው ከእረፍት በኋላ ሲያለከልክ እነሱ ገና ይሟሟቃሉ። መጀመሪያ የተጫወቱት የከተማው ቄስ ሣር በሚያሳጭዱበት መስክ ላይ ነበር፤ ቅዳሴ ሳያልቅ ኳስ መንካት አይቻልም። በኋላ ቄሱ ወንዙ ዳር ያለውን ረግረግ መሬታቸውን ለቡድኑ ሰጡ። ቄስ ስጦታ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ረግረጉን ነው።

ሠራተኞቹ ረግረጉን ሜዳ አደረጉት። ከታች የፋብሪካውን ጥቀርሻና ስብርባሪ ብርጭቆ ሞሉበት፣ ከላይ አፈር አለበሱት፣ ሣር ዘሩበት። ዝናብ ሲጥል የሌላው ከተማ ሜዳ ሐይቅ ይሆናል፤ የእነሱ ውኃውን ጠጥቶ ይጨርሳል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን ነበር። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ስብርባሪውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ከተማው በሙሉ ወጥቶ ትከሻ ለትከሻ ይሰለፋል፤ ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ ሰካራሙ ሳይቀር አጎንብሶ፣ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው እየሄደ ብርጭቆ ይለቅማል። ሰልፉን ለብዙ ዓመት የመሩት ጋሽ ቲቱ ናቸው። ስፖንጋ ሜዳ ውስጥ አንዲት ስባሪ ባይኖርም፣ ከጨዋታ በኋላ የእያንዳንዱን ጫማ ሶል ገልብጠው ሳያዩ አይተዉም ነበር።

ኮሚኒስቶቹ መጥተው ሥርዓቱ ሲለወጥ ክለቡ ስሙን መለወጥ ጀመረ። "ነበልባል" የነበረው "ቀይ ነበልባል" ሆነ፣ ከዚያ "ግስጋሴ" ሆነ፣ በመጨረሻ የፋብሪካው ስም ተሰጠው። በየጊዜው ከማሊያው ላይ ፊደል የሚፈቱትና የሚሰፉት ጋሽ ቲቱ ነበሩ። "ቀይ" ለመስፋትም ለመፍታትም ቀላል እንደነበረች ነግረውኛል። ተጫዋቾቹ በደመወዝ መዝገብ ላይ ብርጭቆ ሞራጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ እቶኑን በዓይናቸው አላዩትም። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጡ። መጨረሻ ሆነው ተመለሱ። የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ ዘመን የሚቆጥረው "ከላይ ከነበርንበት በፊት" እና "በኋላ" እያለ ነው።

የትልልቅ ክለቦችን ታሪክ አንብቤአለሁ፤ የዋንጫ ቆጠራ ነው። ታሪክ ያለው የተሸነፈ ክለብ ነው። አሸናፊ ማስታወቂያ ነው ያለው።

ጋሽ ቲቱ ስዊድን የቀሩት ቡድኑ ለክረምት የወዳጅነት ጨዋታ በመጣ ጊዜ ነው። ጠባቂዎቹ ተጫዋቾቹን ጠዋት ማታ ይቆጥራሉ፤ የትጥቅ ሰው የሚቆጥር አልነበረም። ሲጠፉ የያዙት አንድ የካርቶን ሣጥን ነው። ሁሉም የጫማ ጥርስና ክር ያለበት መስሎታል። ውስጡ የነበረው ግን ስለ ክለቡ የጻፈው የከተማቸው ጋዜጣ ነው፤ ለዓመታት ያጠራቀሙት። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሰው ሁሉ ቆርጠው አልበም ላይ የለጠፉት መሰለኝ። አልጠየቅኩም።

እዚያ አገር መንግሥት ከተገለበጠ በኋላ ፋብሪካው ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ፤ ክለቡም ፈረሰ። አንድ መስከረም የቀድሞው በረኛቸው ሳንዱ ለጋሽ ቲቱ ደብዳቤ ጻፈ። ነጋዴው ሜዳውን ያገለገለ መኪና መሸጫ ሊያደርገው ነው። መሬቱ የቄሱ ስጦታ፣ ሜዳውም የሠራተኞቹ ጉልበት መሆኑን የቀድሞ ተጫዋቾች ለከተማው ምክር ቤት ቢናገሩ፣ ምክር ቤቱ ወረቀት አምጡ አላቸው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦቹን አስወግዷል። ሜዳው የተመረቀበትን ቀን የዘገበው ገጽ የቀረው ጋሽ ቲቱ እጅ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሲተረጉሙልኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ብሩሹን ግን ሁለት ጊዜ ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት።

የጥቅምት ቅዳሜ ነበር። ሙሉ ቀን ዘነበ፤ ጨዋታው ጭቃ ውስጥ አለቀ። እሑድ ቀትር ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለን፤ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ዲቪዥን እንወርዳለን። ጋሽ ቲቱ ትኩሳት ስለያዛቸው ከጨዋታው በኋላ በፔንደልቶጉ ባቡር ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሶለንቱና ሄዱ። አራት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ወራት ሲቀሩን ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ ተውልኝ። ኮራሁ።

የመጀመሪያውን ዙር ጋዜጣ ሞላሁ። ለመቀየር ስነሳ የለቀምኩት ሁሉ አልቆ ኖሯል። የቀረው የሚያብለጨልጨው ብቻ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን አየሁ፤ ከፈትኩት። ቢጫ የሆነ፣ ሻካራ፣ ሙሉ ሙሉ ገጽ ጋዜጣ፣ አራት ላይ የታጠፈ። አንዱን በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሃል አሸት አደረግኩት። እንዲህ ያለ ወረቀት ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ርካሽ የእንጨት ወረቀት፣ ውኃ የጠማው። እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። በሁለት ዙር ጨረስኩት። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኔ ወረቀት ይዤ ሳላነብ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ቲቱ መጡ። ፊታቸው የገረጣ ነበር። እንደ ልማዳቸው ከመጀመሪያው ጫማ ወረቀቱን አወጡና ርጥበቱን ሊያዩ ዘረጉት። ዘርግተው ቆሙ። ከዚያ አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛውን አወጡ፤ እሱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይሄኔ ነው ቀና ብዬ መደርደሪያውን ያየሁት።

"ጫማዎቹ ደረቁ?" አሉኝ።

"ደርቀዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"እንግዲያው ቅባቱን አምጣ።"

ቅባቱን አመጣሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጫማ ቀባን። ሰኞ የቢሮው ማባዣ ላይ ገጾቹን ሊያባዙ አስበው ሣጥኑን ዓርብ ዕለት አምጥተው እዚያ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ፤ ሳይነግሩኝ መቅረታቸው የእሳቸው ጥፋት እንደሆነም ጨመሩ። ያን ንግግር ባይጨምሩት ይሻለኝ ነበር። ቀትር ላይ ተጫወትን፤ በደረቅ ጫማ ተሸነፍን። መሐል ተከላካዩ ዮሐን ከአሠልጣኙ ጋር ተጣልቶ ኖሮ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲያ ክለቡ ውስጥ አልታየም።

ከጨዋታው በኋላ ከየጫማው የወጣውን በሙሉ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልነው። መጣያውንም ዘረገፍን፤ እዚያ ያለው ቡኮ ሆኗል። የተረፈው የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የትራክተር ምርት ዜና፣ የሳንዱ ግማሽ ፊት ነበር። የምረቃው ቀን ገጽ የለም።

በሳምንቱ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆመን ሳለ ጋሽ ቲቱ ሳላስበው ክርኔን ያዙኝ። "ስማ፣ ያ ገጽ ቢገኝም አይጠቅምም ነበር። እዚያ ላይ የተጻፈው ሜዳውን ፓርቲው ሠርቶ ለፋብሪካው ሰጠ የሚል ነው። ለነጋዴው ሠርግና ምላሽ ይሆንለት ነበር" አሉኝ።

አመንኳቸው። ጋዜጣ ይዋሻል የሚለው የቆየ እምነቴ ነው፤ እምነት ደግሞ በሚመች ሰዓት ሲመጣ ማን ይመልሰዋል። ለሰይድ ስነግረው ጢሙን እየዳበሰ ሰማኝና፣ "ታዲያ ጽድቅ ነው የሠራሁት በለኛ" አለ። ተናደድኩበት። ልክ ስለነበረ ነው የተናደድኩት።

ጋሽ ቲቱ በሁለት ገጽ የምስክርነት ቃል ጽፈው ለሳንዱ ላኩ። ምክር ቤቱ የሽማግሌ ቃል ወረቀት አይደለም ብሎ ለነጋዴው ፈቀደ፤ ውሉ ግን በየዓመቱ እንዲታደስ፣ እሑድ እሑድም የድሮ ተጫዋቾች እንዲጫወቱበት ሆነ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሜዳው ላይ መኪና ይሸጣል። ዘይት ሣሩን እንደገደለው ሳንዱ ጽፏል። እኔ በበኩሌ ደብተር ገዛሁ። ያን ክረምት ረቡዕ ረቡዕ ጋሽ ቲቱን ከቄሱ መስክ ጀምሮ እያስወራሁ የክለቡን ታሪክ ጻፍኩ። እጄ የሚፈጥነው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ጻፍኩት። እስከማውቀው ድረስ የዚያ ክለብ ሙሉ ታሪክ በዓለም ላይ ያለው በአማርኛ ብቻ ነው፤ በዚያች ከተማም አንድ አንባቢ የለውም።

አሁን ወደ ብረቱ ቁም ሳጥን ልመለስ። ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ላጸዳ የጠፋ ዕቃ የሚጣልበትን ሣጥን ዘረገፍኩ። ከሥር አንድ ጥንድ ታኬታ ወጣ፤ የዮሐን። የዚያን ቅዳሜ ወረቀት ሞልቼበት ነበር፤ እሑድ ባለቤቱ ስላልመጣ አንዱ ወርውሮት ማንም ሳያየው ቀርቷል። ከግራው ጫማ ጫፍ ውስጥ ወረቀቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ የእግር ጣት ቅርጽ ይዞ ወጣ። በአንድ ጎኑ የፎቶ ጠርዝ ይታያል፤ አካፋ የያዙ ሰዎች። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ።

በአዲሱ ሥራዬ ዶይና የምትባል ሩማኒያዊት ነርስ አለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አወጣሁላት። ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምትሠራ እያሰበች ይመስለኛል፣ በጓንት ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችውና ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ "ሠራተኞቹ፣ ከሥራ በኋላ፣ በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ ማንም ሳያዛቸው..." ከዚያ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል።

ቅዳሜ ሶለንቱና ሄድኩ። ጋሽ ቲቱ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በራቸው ላይ የጎረቤት ጫማ ተደርድሯል፣ ሳይጠየቁ ነው የሚያጸዱት። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አላደረጉም። አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ዮሐን" አሉ። "ግራ እግሩ። ትልቁ ጣቱ ወደ ውስጥ ያጋድላል።"

"ጽሑፉን አስነብቤዋለሁ፣ ጋሽ ቲቱ።"

ፓርቲው ሰጠ ያሉት ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው። ለምን ዋሹኝ ማለት ነው የፈለግኩት፤ ለታላቅ ሰው እንዲያ አይባልም።

"ገና የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ነበረን" አሉኝ። "እውነቱን ብነግርህ ሥራውን ጥለህ ትሄድ ነበር። እጄን እያየኸው ነው፤ በዚህ እጅ የሃያ ሰው ጫማ ማን ያደርቅልኝ ነበር?"

እጃቸውን አየሁ። በቀዝቃዛ ውኃ ብዛት የጣቶቻቸው መጋጠሚያ ሁሉ አብጧል። ስንት ዓመት አብሬአቸው ስሠራ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት፤ ዓይኔ ምንጊዜም ጫማው ላይ ነበር።

ወረቀቱን ለሳንዱ እንላከው አልኩ፤ ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ገና ነው። ተስማሙ። ፖስታ ሳወጣ ግን ይጨፈለቃል ብለው የጫማ ሣጥን አመጡ። የደረቀውን ጣት መሃል ላይ አስቀመጡት። ዙሪያውን የሚደግፍ ነገር ስላስፈለገ በር ሥር ከወደቀው የነፃ ጋዜጣ አንድ ገጽ አነሳሁና ልጨብጠው ስል እጄን ያዙኝ።

"መጀመሪያ አንብበው" አሉ።

ተቀመጥኩና አነበብኩት፤ ከላይ እስከ ታች፣ የሚሸጡ ብስክሌቶችን፣ የጠፋች ድመትን፣ የሳምንቱን የአየር ጠባይ ሳይቀር። ጋሽ ቲቱ ክዳኑን ይዘው ጠበቁኝ።